ስክሪኑ የጠፋው ሞዴል ኤስ፦ ኤምሲዩ ሲፈታ አብሮት የሚወጣው ነገር

ኤሌክትሪክ መኪና ላይ ሞጁል፣ ማለት የመኪናውን አንዱን ሥራ የሚቆጣጠር የኤሌክትሮኒክስ ሳጥን፣ እንፍታ ሲባል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ትልቁ ባትሪ ነው፣ እሱም ያስፈራል ልክ ነው፣ ግን እዚህ የማነሳው ጉዳይ ላይ ከፍተኛው ቮልቴጅ ምንም ጥፋት የለበትም። ጥፋቱ የስክሪኑ ኮምፒውተር ውስጥ ያለች የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል አንዲት የሜሞሪ ቺፕ ላይ ነበር፣ ያቺ ቺፕ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ብቻ 134,951 መኪና በሪኮል፣ ማለት ድርጅቱ መኪናውን መልሶ ጠርቶ በነፃ በሚያስተካክልበት መንገድ፣ አስጠርታለች። መኪኖቹ ከ2012 እስከ 2018 ሞዴል የቴስላ ሞዴል ኤስ እና ከ2016 እስከ 2018 ሞዴል ኤክስ ናቸው። የመኪኖቹንና የሪኮሉን ዓመቶች በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።

ይሄን ጉዳይ የመረጥኩት ከሞላ ጎደል ሁሉ ነገሩ በይፋ ሰነድ ላይ ስላለ ነው፣ ምክንያቱ፣ ቁጥሩ፣ የአሜሪካው የመንገድ ደህንነት ባለሥልጣን ያለው፣ ቴስላ የመለሰው። ሌላው ምክንያት እኛም ሀገር የኤሌክትሪክ መኪና ሞጁል መክፈት የየዕለት ሥራ እየሆነ ስለመጣ ነው፣ እና ሲከፈት የማየው አካሄድ ያሳስበኛል። ብሎን መፍታት ከባድ አይደለም። ከባዱ ነገር አብሮት የመኪናው ማንነት እንደሚወጣ ሳያውቁ መፍታት ነው።

በእነዚህ መኪኖች መሃል ዳሽቦርድ ላይ ያለው 17 ኢንች ስክሪን ኋላው ላይ ኮምፒውተር ተሸክሟል፣ ኤምሲዩ ይሉታል፣ የመጀመሪያው ትውልድ ስለሆነ ኤምሲዩ 1። ካርታው፣ ሬዲዮው፣ ኤሲው፣ የኋላ ካሜራው፣ የመኪናው ሴቲንግ በሙሉ በሱ በኩል ነው የሚያልፈው፣ ሌላ መኪና ላይ በቁልፍ የሚሰራው አብዛኛው ነገር እዚህ በስክሪን ነው። ዋናው ፕሮሰሰር የኤንቪዲያ ቴግራ 3 ነው፣ በጊዜው ታብሌት ላይ ይገባ የነበረው ማለት ነው። ፕሮሰሰሩና 8 ጊጋባይት የሆነችው ኢኤምኤምሲ የምትባለው ፍላሽ ሜሞሪ፣ ያቺ ያልኳችሁ ቺፕ ማለት ነው፣ የተቀመጡት ዋናው ቦርድ ላይ ሳይሆን በላዩ በሚሰካ ትንሽ ቦርድ ላይ ነው፣ ቪሲኤም ይባላል። ይሄ ትንሽ ቦርድ ለብቻው መሆኑ በኋላ ጥገናውን ያቀለለው ነገር ነው፣ ልብ በሉት።

አሁን ቺፗ ለምን ሞተች። ፍላሽ ሜሞሪ የሚሰራው እየጻፉና እየደመሰሱ ነው፣ ደብተር ላይ በእርሳስ ጽፈህ በላጲስ ስታጠፋ፣ እንደገና ጽፈህ እንደገና ስታጠፋ ወረቀቱ ሳስቶ ሳስቶ አንድ ቀን እንደሚቀደደው ማለት ነው። የዚህች ቺፕ እያንዳንዱ ብሎክ፣ ማለት የሜሞሪዋ ክፍልፋይ፣ የተሰላለት 3,000 የመጻፍና የመደምሰስ ዙር ነው። መኪናው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሎግ ይጽፋል፣ ምን እንደተነካ፣ ምን ኤረር እንደመጣ፣ ኔትወርኩ እንዴት እንደሆነ፣ ሁሉንም። ቴስላ ራሱ ለባለሥልጣኑ በሰጠው ስሌት አንድ ብሎክ በቀን በአማካይ 1.4 ዙር ይሄዳል። ይሄን በ365 ብታባዛው በዓመት 511 ዙር ነው፣ 3,000ውን ለ511 ስታካፍለው ስድስት ዓመት እንኳን አይሞላም። ድርጅቱም ያለው ይሄንኑ ነው፣ ከ5 እስከ 6 ዓመት። በሌላ አማርኛ 8 ጊጋባይቱ ሙሉውን ተጽፎ ተደምስሶ በላዩ ላይ ደግሞ ወደ ግማሽ ገደማ እንደገና ይጻፍበታል፣ በየቀኑ። በዛ ላይ ሶፍትዌሩ በየአፕዴቱ እየከበደ ሲሄድ ነፃ የሚቀረው ቦታ ይጠባል፣ ቦታው ሲጠብ ቺፗ የመጻፉን ሸክም የምታከፋፍልበት ብሎክ ያንሳታል፣ ስለዚህ መጨረሻው አካባቢ መሞቱ ይፈጥናል።

ስትሞት ባንዴ አትሞትም፣ ይሄ ለሚጠግን ሰው ትልቅ ነገር ነው። መጀመሪያ ስክሪኑ ይዘገያል፣ ስትነካው ቆይቶ ነው የሚመልስልህ። ቀጥሎ ካርታው ባዶ ይሆናል፣ ብሉቱዝ ይጠፋል፣ ሳይጠይቁት ራሱን ሪስታርት ያደርጋል። መሪው ላይ ያሉትን ሁለት የሚሽከረከሩ ቁልፎች አንድ ላይ ተጭኖ መያዝ ስክሪኑን ሪቡት ስለሚያደርገው ባለቤቱ ይሄን ይለምድና በየጊዜው እያደረገ ይነዳል፣ ለጥቂት ጊዜም ይሰራለታል። ከዛ አንድ ቀን ሪቡት ተደርጎ አይመለስም፣ ጥቁር ነው። መኪናው ግን ይነዳል፣ ምክንያቱም ሞተሩን፣ ፍሬኑን፣ ባትሪውን የሚቆጣጠሩት ሌሎች ሞጁሎች ናቸው፣ ሞጁሎቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩባቸውን የካን መስመሮች የሚያገናኘው ጌትዌይ የሚባለው ክፍልም ኤምሲዩው ውስጥ ቢሆንም የራሱ ፕሮሰሰር አለው። ሰው "ይነዳል እኮ ምን ችግር አለው" የሚለው ከዚህ ተነስቶ ነው። ችግሩ የኋላ ካሜራው የለም፣ ክረምት ላይ መስታወቱ በጉም ሲሸፈን ዲፍሮስቱን የምታበራበት የለህም፣ የፍሬቻው ድምፅ ይጠፋል፣ የአውቶፓይለት ማስጠንቀቂያ ድምፅም እንደዛው። አንዳንዶቹ ላይ ቻርጅ ማድረግ ራሱ ፈተና ሆኖ ነበር።

የአሜሪካው የመንገድ ደህንነት ባለሥልጣን፣ ኒትሳ የሚባለው፣ ምርመራውን በሰኔ 2020 ጀመረ፣ በኅዳር 2020 ከፍ ወዳለ ደረጃ አሳደገው። በዛን ጊዜ የተቆጠረው 7,777 በዋስትና የተከፈለ የኤምሲዩ ቅየራ እና 4,746 ባለቤቶቹ ከኪሳቸው የከፈሉበት ነው። በዛው ወር ቴስላ ለቺፗ ዋስትናውን ወደ 8 ዓመት ወይም 100,000 ማይል አራዘመ፣ ባለሥልጣኑ ግን ይሄ አላረካውም፣ በጥር 2021 ወደ 158,000 ለሚሆኑ መኪኖች ሪኮል እንዲያደርግ በደብዳቤ ጠየቀው። ድርጅቱ መጀመሪያ በአየር ላይ በሚላክ አፕዴት ጉዳቱን ለመቀነስ ሞክሮ ነበር፣ ስክሪኑ ቢሞት እንኳን ዲፍሮስቱና የፍሬቻው ድምፅ በነባር ሴቲንግ እንዲሰሩ ማድረግ አይነት። ኒትሳ ይሄንም በቂ አይደለም አለ። በየካቲት 2021 መጀመሪያ ላይ ቴስላ ሪኮሉን ለማድረግ ተስማማ፣ ቁጥሩም 134,951 ሆኖ ወጣ። ቻይናም በዚያው ሰሞን 36,126 ከውጭ የገቡ ሞዴል ኤስና ሞዴል ኤክስ መኪኖችን በዚሁ ምክንያት አስጠራች።

ቴስላ ሪኮሉን ሲቀበል ጉድለት ነው ብሎ አላመነም። መከራከሪያው እንዲህ ያለ ሜሞሪ የሚያልቅ ዕቃ ነው፣ መኪናው እስካለ ድረስ ይኖራል ብሎ መጠበቅ አይቻልም የሚል ነበር። እኔ በዚህ አልስማማም። የፍሬን ሸራም ያልቃል፣ ግን የፍሬን ሸራ እንደሚያልቅ ገዢው ያውቃል፣ መካኒኩ ጎማ ፈትቶ ያየዋል፣ ሱቅ ሄዶ ይገዛዋል። ይቺ ቺፕ ማለቋን የሚያሳይ ምልክት ባለቤቱ ፊት አልነበረም፣ ብትታወቅ እንኳን ለብቻዋ ገዝቶ የሚቀይራት አልነበረም፣ ሲያልቅባት ሙሉውን ኤምሲዩ ቀይር ነበር የሚባለው። የሚያልቅ ዕቃ ካልክ እንደሚያልቅ ዕቃ አድርገህ ስራው ነው የምለው።

ወደ መፍታቱ እንምጣ፣ ምክንያቱም ለኛ የሚጠቅመን ይሄ ነው።

ብሎን ከመንካት በፊት የሹፌሩ መስኮት ይወርዳል። የሞዴል ኤስ በር መስታወቱን የሚይዝ ፍሬም የለውም፣ በሩ ሲከፈት መስታወቱ በኤሌክትሪክ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው ከላስቲኩ የሚላቀቀው፣ 12 ቮልቱ ትንሹ ባትሪ ከተነቀለ በኋላ ዝቅ የሚያደርገው የለም፣ የውጪ እጀታውም በኤሌክትሪክ ነው የሚሰራው። ስለዚህ መስኮት ክፍት፣ በር ክፍት፣ የፊት ኮፋኖውም ክፍት ሆኖ ይቆያል፣ 12 ቮልት ባትሪው እዛ ውስጥ ስለሆነ ተነቅሎ ከተዘጋ መልሶ መክፈቱ ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

ከዛ ኃይል መቁረጥ። እዚህ ጋ የነዳጅ መኪና የለመደ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ አለ። ኔጌቲቩን ፈትቼ አነሳሁ አለቀ ይላል። ኤሌክትሪክ መኪና ላይ ግን 12 ቮልቱን የሚመግበው ዲሲ ዲሲ ኮንቨርተር ነው፣ ከትልቁ ባትሪ እየቀነሰ ማለት ነው፣ የትልቁ ባትሪ ኮንታክተሮች፣ ማለት ከፍተኛውን ቮልቴጅ የሚያገናኙትና የሚቆርጡት ትልልቅ ማብሪያዎች፣ እስከተዘጉ ድረስ ትንሹ ባትሪ ቢነቀልም መስመሩ ላይ ኃይል ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ኮፋኖው ስር ያለው፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞች እንዲቆርጡት የተቀመጠው የሽቦ ቀለበትም (ሉፕ ይባላል) መነቀል አለበት፣ እሱ ሲነቀል ኮንታክተሮቹ ይከፈታሉ፣ ከፍተኛው ቮልቴጅ ባትሪው ውስጥ ተዘግቶ ይቀራል። ሁለቱም። ከዛ ጥቂት ደቂቃ ይጠበቃል፣ በመልቲሜትር መስመሩ መሞቱ ይለካል፣ ዳሽቦርዱ ውስጥ የኤርባግ ሽቦም ስላለ መጠበቁ ለሱም ነው። ከፍተኛው ቮልቴጅ የሚሄድበት ብርቱካናማ ገመድ ያለበት አካባቢ ይሄ ሥራ ጨርሶ አያደርስህም፣ ከደረሰህ መንገድ ስተሃል ማለት ነው።

ጌጡ የተያዘው በክሊፕ ነው፣ በብረት ካቻቢቴ ከተፈነቀለ ጠርዙ ላይ የማይጠፋ ጭረት ይተዋል፣ ፕላስቲክ መፈንቀያ ነው የሚሆነው። ብሎኖቹ ኮከብ ጥርስ ናቸው። ስክሪኑ ከነኮምፒውተሩ ከባድ ነው፣ ወደ ፊት ሲሳብ የሚያርፍበት ፎጣ ቀድሞ መነጠፍ አለበት፣ አንድ እጅ መስታወቱን እየደገፈ ሌላው ከኋላ ሶኬት ይነቅላል። የአንቴና ሶኬቶቹ በቀለም ይለያያሉ፣ የጂፒኤሱ፣ የስልክ ኔትወርኩ፣ የዋይፋዩ፣ ከመነቀላቸው በፊት በስልክ ፎቶ ይነሳሉ፣ ሲነቀሉ ደግሞ መቆለፊያው ተጭኖ በሶኬቱ እንጂ በሽቦው አይሳብም፣ ሽቦው ከውስጥ ቢላቀቅ ከውጭ አይታይም፣ ገጥመህ ጨርሰህ ነው ጂፒኤስ የለም የምትባለው። ከቀደምቶቹ መኪኖች አንዳንዶቹ ላይ ከስክሪኑ ጠርዝ ማጣበቂያው ቀልጦ የሚወጣ ነገር አለ፣ ልብስ ላይ ከነካ አይለቅም፣ ጓንት ያስፈልጋል።

ኤምሲዩው ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ከሆነ በኋላ መኪናው ሥራው እስኪያልቅ ከቆመበት አይነሳም ብሎ ማቀድ ነው፣ ለባለቤቱም ቀድሞ መንገር ያስፈልጋል፣ ጌትዌዩም አብሮ ወጥቷልና። እጅ ላይ ስታቲክ ማስወገጃ ማሰሪያ፣ ጠረጴዛው ላይ ምንጣፉ፣ ከዛ ቪሲኤሟ ትነሳለች።

እዚህ ላይ ነው ሁለት መንገድ የሚለየው። ቺፗ ገና እየተንተባተበች ከሆነ ማንበብ ይቻላል፣ ሙሉ በሙሉ ከዘጋች አይቻልም ወይ በጣም ከባድ ነው። ለዚህ ነው ስክሪኑ ሲዘገይ የመጣ መኪና እና ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ የመጣ መኪና አንድ አይነት ሥራ ያልሆኑት። ቺፗ በስሯ ባሉ 153 የቆርቆሮ ኳሶች ነው ቦርዱ ላይ የተበየደችው፣ ሞባይል የሚጠግን ሰው ያውቃታል፣ መርካቶ ያሉ ልጆች ስልክ ላይ በየቀኑ የሚያነሷት አይነት ናት። ቆርቆሮው በደንብ እንዲቀልጥ የሚረዳ ፍላክስ የሚባል ቅባት ይደረግና ቦርዱ ከስር ይሞቃል፣ ከላይ በሆት ኤር፣ ቆርቆሮው ሙሉ በሙሉ ሳይቀልጥ ከተነሳች ከስሯ ያለውን ንጣፍ ይዛ ትመጣለች፣ ያ ደግሞ ቦርዱን ይገድላል፣ ስለዚህ በፒንሴት ጫፍ ስትነካ ተንሳፋ እስክትወዛወዝ መጠበቅ ግድ ነው። ከተነሳች በኋላ ጸድታ ማንበቢያ ሶኬት ውስጥ ትገባለች።

ሲነበብ መቸኮል አይገባም። የደከመች ቺፕ አንድ ቦታ ላይ ስትያዝ ደጋግሞ እዛው ላይ መጠየቅ ጭራሹን ሊዘጋት ይችላል፣ መጀመሪያ በቀላሉ የሚነበበውን በሙሉ ማውጣት፣ ከዛ ብቻ ወደ ተበላሹት ብሎኮች ተመልሶ መሞከር፣ ዲዲሬስኪው የሚባለው ነፃ ፕሮግራም የሚሰራው በዚህ መልክ ነው። ሌላ የሚረሳ ነገር፣ ኢኤምኤምሲ ከሚታየው ዋና ክፍል ሌላ የራሷ የቡት ክፍሎችና የሴቲንግ መዝገብ አሏት፣ ተራ የዩኤስቢ ካርድ ማንበቢያ እነሱን አያሳይም፣ ዋናውን ኮፒ አድርጎ ጨረስኩ ያለ ሰው አልጨረሰም። የወጣው ፋይል ሁለት ቦታ ይቀመጣል፣ ከዛ በኋላ ነው አዲስ ቺፕ ላይ የሚጻፈው።

ምን አለና ነው ይሄ ሁሉ ጥንቃቄ። ቺፗ ውስጥ ያለው ሶፍትዌር ራሱ አይደለም ውዱ ነገር፣ ሶፍትዌሩ ከሌላ ተመሳሳይ መኪና ወይም ከድርጅቱ ሊመጣ ይችላል። የማይተካው ያ መኪና ብቻ ያለው ነው፣ ከድርጅቱ ሰርቨር ጋር ሲገናኝ እኔ እገሌ ነኝ ብሎ የሚታወቅበት ዲጂታል ሰርቲፊኬትና ቁልፍ፣ ከሻሲ ቁጥሩ ጋር የተያያዘ። እሱ ከጠፋ ስክሪኑ ሊበራ ይችላል፣ ካርታ ሊያሳይ ይችላል፣ መኪናው ግን ከድርጅቱ ጋር መነጋገር አይችልም፣ የስልክ አፑ አይሰራም፣ አፕዴት አይመጣለትም። ከተጋጨ መኪና የወጣ ኤምሲዩ ገዝቶ መግጠምም ለዚህ ነው እንደ ሬዲዮ መቀየር የማይሆነው፣ የሌላ መኪና መታወቂያ ነው የገጠምከው። ሰው "ሞጁል ቀየርኩ ግን አልሰራም" ሲል አብዛኛውን ጊዜ ሞጁሉ ደህና ነው፣ የማይግባቡት ማንነቱ ስለማይገጥም ነው።

የሪኮሉ መፍትሄ ቪሲኤሟን 64 ጊጋባይት ሜሞሪ ባላት መቀየር ነበር፣ በነፃ፣ ቀድሞ ከኪሱ ከፍሎ ላሰራም ገንዘቡ የሚመለስበት መንገድ ተከፍቶ ነበር። ሎጉ ባለበት ቢቀጥል እንኳን 8 እጥፍ ቦታ ላይ ሲከፋፈል በቀን 1.4 የነበረው ወደ 0.175 ይወርዳል፣ በወረቀት ላይ አርባ ምናምን ዓመት ማለት ነው። ከሪኮሉ በፊት በ2020 ሙሉውን ወደ ኤምሲዩ 2 ማሳደግ ለብዙዎቹ መኪኖች 2,500 ዶላር ቀርቦ ነበር፣ እሱ ኢንቴል አቶም ፕሮሰሰር ስላለው ፈጣን ነው፣ ግን ችግሩ ቺፗ ብቻ ለሆነ ሰው ያን ያህል መክፈል አያስፈልግም ነበር።

ብዙ ሰው የማያስበው ደግሞ የተፈታው አሮጌ ዕቃ የት እንደሚሄድ ነው። በግንቦት 2020 አንድ የደህንነት ተመራማሪ በኢቤይ የገዛቸው ከቴስላ የወጡ ኤምሲዩዎች ውስጥ የቀድሞ ባለቤቶቹን የቤትና የሥራ ቦታ፣ የዋይፋይ ፓስወርድ፣ የስልክ ዝርዝር፣ የካላንደር ቀጠሮ ሳይቀር እንዳገኘ ይፋ አደረገ። ጥገናው በትክክል ተሰርቶ ባለቤቱ ተደስቶ ሄዷል፣ የቤቱ አድራሻ ግን ገበያ ላይ ነው።

እኛ ጋ ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ቆሞ መንገዱ በቢዋይዲ፣ በአይዲ 4፣ በአይዲ 6፣ በቢዚፎርኤክስ ተሞልቷል፣ ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ የተሰሩ ናቸው፣ ስክሪኑ ቻይንኛ ሆኖ የሚመጣውን ለመቀየር ተብሎ ገና አዲስ መኪና ላይ ሞጁል ይነካል። የተሰሩበት ቺፕ ከዚያኛው ይለያል፣ ኢኤምኤምሲ ወይም ሌላ ፍላሽ ላይ የመኪናውን ማንነት የማስቀመጡ ነገር ግን አንድ ነው። ስለዚህ ጋራዥ ስትሄዱ ዋጋ ከመከራከር በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፣ ከመንካትህ በፊት ያለውን ሙሉ ኮፒ ታወጣለህ ወይ፣ ኮፒውንስ ትሰጠኛለህ ወይ። ኮፒ ምንድነው የሚል ከሆነ ቁልፋችሁን ይዛችሁ ውጡ። ሞጁሉ ከተቀየረ ደግሞ አሮጌው ቦርድ የእናንተ ነው፣ ተቀብላችሁ ቤት ውስጥ አስቀምጡት፣ ነገ ሌላ ባለሙያ ከሱ ላይ ሊያነብ የሚችለው ነገር ይኖራል።

ዲሲም ሆነ ሲያትል ያላችሁ፣ ያገለገለ ሞዴል ኤስ ገዝታችሁ ኡበር ልትሰሩበት ያሰባችሁ ደግሞ፣ መኪናው ከመጋቢት 2018 በፊት የተሰራ ከሆነ የሻሲ ቁጥሩን 17ቱንም ፊደልና ቁጥር የኒትሳ ዌብሳይት ላይ አስገቡት፣ ሪኮሉ ያልተሰራለት ከሆነ ይነግራችኋል፣ መፈለጉ ነፃ ነው። ተሰርቶለታል ካላችሁ ሻጩን የሥራ ወረቀቱን ጠይቁት፣ እና ከመረከባችሁ በፊት የኋላ ማርሽ አስገብታችሁ ካሜራው ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅበት እዩ።